ከኮርኒሱ በፊት ጥላው

ሥልጣኔ የሚለው ቃል በአፋችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዳሩ ግን ሥልጣኔ ለማን እንደሚመጣ፣ በየትኛው በር እንደሚገባና ማንን በረንዳ ላይ ትቶ እንደሚያልፍ ቆም ብለን የምንጠያየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ትምህርት ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችንም የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ነገሩ በአዲ አርቃይ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮርኒስ ላይ ስለተሰቀለ የአየር ማቀዝቀዣ ነው። እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር። ሣቃችን ግን ብዙ አልቆየም።

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት አራት ሆነን ወደ አዲ አርቃይ ሄድን። ከመካከላችን አንዱ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ሦስታችን እንግዶች ነበርን። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ ሰው ጋቢውን አጥብቆ ይከናነባል። ከደባርቅ በኋላ ግን መንገዱ ጣልያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ የጠረበውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። በየእጥፋቱ አየሩ ይለወጣል። ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ የገባ ሰው ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ወደ ኋላ ዞሮ ቢመለከት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የሰሜን ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመው ያያል። ተራራውን በእግራቸው የሚያቋርጡ እንግዶች ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ ከሚወርዱባቸው ከተሞች አንዷ ይህችው ናት። ስሟም በትግርኛ የሽመል አገር እንደ ማለት ነው። ይህን የስም ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጓደኛችን ስለ አባቱ መሬት የሚያስፈጽመው ወረቀት ነበረውና በማግስቱ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብረነው ሄድን። ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። በረንዳው ጠባብ ስለ ሆነ ባለጉዳዩ ግማሹ በግድግዳው ጥግ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ከሌሊት ጀምረው በእግር የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ልጅ ያዘሉ እናቶችም ነበሩ። በውስጥ ግን ሥራ ቆሟል፤ ከሌላ ከተማ የመጡ ሁለት ባለሙያዎች መሰላል ላይ ወጥተው የኃላፊውን ክፍል ኮርኒስ በአራት ማዕዘን እየቆረጡ ነው። ተራችን ሩቅ ስለ ነበረ ቆመን ተመለከትን።

ከባለሙያዎቹ አንዱ ትሁት ወጣት ነበር፤ የጠየቅነውን ሁሉ መለሰልን። ይህ ዓይነቱ ማቀዝቀዣ በግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው አይደለም። አካሉ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ በአራት የብረት ዘንግ ይንጠለጠላል፤ ከታች የሚታየው በአራት አቅጣጫ አየር የሚነፋው ክዳኑ ብቻ ነው። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሆነ ኮርኒሱ ሊሸከመው አይችልም፤ ዘንጎቹ በሶሌታ ውስጥ በብሎን መታሰር አለባቸው። ሶሌታ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት አስቀድሞ መጠናከር ይኖርበታል። ከአካሉ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፣ ወደ ውጭ ወጥተው ከኮምፕሬሰሩ ጋር ይገናኛሉ፤ ጋዙ የሚመላለሰው በእነዚህ ነው። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት። ሦስተኛው ቱቦ የውሃ ነው። ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ እርጥበቱ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በሞቃት ቀን እንደሚያልበው ማለት ነው። ይህ ውሃ እንዲፈስ ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ማዘንበል ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ካስረዳን በኋላ ውሃ ልክ ይዘው እንደ መጡ ጠየቅነው። «በዓይን እንለካዋለን፤ ዛሬ ማታ መመለስ አለብን» አለን። የእንጨቱ ነገርስ? «ይችላል» አለ። እኛ በቦታው ላይ ዝም አልን፤ ባለሙያ ባለመሆናችን አፍረን ነበር። አሁን ስናስበው ግን ያሳፈረን ዝምታችን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀው ነበርና።

በማግስቱ ወረቀቱን ለመውሰድ ስንመለስ መሣሪያው እየሠራ ነበር። የኃላፊው ክፍል በእርግጥ ቀዝቅዟል። የውጭው ክፍል፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩና ማራገቢያው፣ የተተከለው ግን በበረንዳው ጥግ፣ ባለጉዳዩ ከፀሐይ ሸሽቶ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ማራገቢያው ዘርግተው፣ «ልጆቼ፣ እዚህ ምን ነድዶ ነው?» ብለው ጠየቁን።

«አባባ፣ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣ መኪና ነው» አልናቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ የሚያወጣው እኛ ላይ ነዋ!» አሉ፤ በትራቸውንም ይዘው ወደ ፀሐዩ ተዛወሩ።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በእኒህ ሽማግሌ ቃል ውስጥ አለ። የአየር ማቀዝቀዣ ብርድ የሚፈጥር መሣሪያ አይመስለን። ብርድ የሚባል ነገር ከየትም አያመጣም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ሥራው ይኸው ነው። ይህም ብቻ አይደለም። 24,000 ቢቲዩ የሚባለው መጠን ከክፍል ውስጥ ወደ 7 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ሲያወጣ እርሱ ራሱ 2 ኪሎዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የበላውንም መልሶ ሙቀት አድርጎ ወደ ውጭ ይተፋዋል። እንግዲህ ውስጥ ያለው ሰው ከ7 ሲገላገል ውጭ ያለው ሰው 9 ይቀበላል። ሒሳቡ ይህ ነው። ክፍሉ የአንድ ሰው፣ በረንዳው የብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ የፊዚክስ ሒሳብ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በሰኔ መግቢያ ጓደኛችን ወደ ቤቱ ሲመለስ በዚያው መሥሪያ ቤት ከማቀዝቀዣው ሥር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀምጦ አገኘ። አየሩ እርጥበት ሲይዝ ውሃው በዝቷል፤ ያላዘነበለው ቱቦ ደግሞ አላፈሰሰውም። ኮርኒሱ አብጦ ቢጫ ሆኗል። ጠብታው ያረፈው መደርደሪያው ላይ ሲሆን በመደርደሪያው ላይ ያሉት የሰው መዝገቦች ናቸው። የሚጠግነው ባለሙያ በከተማው ስለሌለ ሊማሊሞን ወጥቶ እስኪመለስ ይጠበቃል። መሣሪያውም ጠፍቶ መስኮቱ ተከፍቷል፤ አየሩም በመስኮቱ በኩል ደህና ይገባ ነበር ብሎናል። እኛም፣ ታዲያ መስኮቱ ከመጀመሪያው ለምን አልተከፈተም ብለን ጠየቅን።

ስሕተቱን በእነዚያ ሁለት ወጣቶች ላይ ልንጭነው አንፈልግም። በአንድ ቀን ሠርተው እንዲመለሱ የታዘዙ ሰዎች በአንድ ቀን የሚሠራውን ሠሩ። መሣሪያውን ያዘዘው ለመግዣው ገንዘብ መደበ እንጂ ለሚጠግነው እጅ አላሰበም። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ጠባይ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ጠባይ ነው። ዕቃ መግዛት ይቀናናል፤ ዕቃውን የሚያቆየውን ሰው ማሠልጠን ግን ይከብደናል።

እስቲ ደግሞ የመሣሪያውን ታሪክ እንመልከት። ዊሊስ ካሪየር የተባለው ወጣት መሐንዲስ በ1902 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው ለሰው ምቾት አልነበረም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሞቹ አልገጥም ብለውት ስለ ተቸገረ ነው። በክረምት ወረቀት እየተጣበቀበት ይህንን መጽሔት ያባዛ ሁሉ የዚያን ማተሚያ ቤት ጭንቀት ያውቀዋል። ቀጥሎም በ1925 እ.ኤ.አ. ካሪየር በኒው ዮርክ የሪቮሊን ሲኒማ አቀዘቀዘ፤ ተራው ሕዝብ የትኬት ዋጋ ከፍሎ ከበጋው ሙቀት ያረፈው በእንደዚህ ያሉ አዳራሾች ነው። በተራው ሰው መኖሪያ ቤት መሣሪያው የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንግዲህ መሣሪያው በተወለደበት አገር መጀመሪያ ለሥራ፣ ቀጥሎ ሕዝብ ለሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ከዚያም ለግል ምቾት አገለገለ። እኛ ግን ከመጨረሻው ጀመርን።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንድ የክፍል ጓደኛችን ተቃወመን። «እናንተ ደጋ ላይ ተቀምጣችሁ ቆላ ያለውን ሰው ሙቀቱን ቻለው ትላላችሁ። ሠራተኛ በሙቀት ምክንያት ከቆላ ከተሞች ይሸሻል፤ ማቀዝቀዣ ቢገባለት ይቀመጥ ነበር» አለን። ክርክሩ እውነት አለበትና አንንቀውም። በመተማ ወይም በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስምንት ሰዓት መሥራት ከሰው የማይጠበቅ ነው። እዚያ ማቀዝቀዣ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ አንድ ቀን ሄዶ ይሥራበት። አዲ አርቃይ ግን መተማ አይደለችም። ከተራራው ሥር ያለች፣ ማታ ነፋስ የሚወርድባት፣ በጥላ ሥር ቀኑ የሚቻልባት ከተማ ናት። ያን ክፍል ምድጃ ያደረገው አገሩ ሳይሆን ቤቱ ነው። አየር የማይገባበት ኮርኒስ፣ ከላዩ ራቁቱን ያለ ቆርቆሮ፣ በምዕራብ በኩል መጋረጃና ጥላ የሌለው ሰፊ መስተዋት፣ ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሙቀቱን የሚያወጣ መኪና መግዛት ድስቱን እሳት ላይ ጥዶ ማራገቢያ እንደ መፈለግ ነው።

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ያውቁት ነበር። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሩ የተሠራው ቤተ መንግሥት ወፍራም የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ማታ ደግሞ ቀስ ብሎ ይመልሳል። በቀትር ገብቶ የቆመ ጎብኚ ሁሉ ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። የገበሬውም የሣር ክዳን ጎጆ ከመንግሥት ቆርቆሮ ቤት ይልቅ በቀትር ይቀዘቅዛል። ጎጆው ይመለስልን ማለታችን አይደለም፤ ሣሩ ይቃጠላል፣ ያፈሳል፣ በየጊዜው መከደን አለበት፤ ቆርቆሮም ለሕዝብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ቆርቆሮውን ስንቀበል በሣሩ ውስጥ የነበረውን ዕውቀት አብረን ጣልነው። ሕንፃ ነዳፊዎቻችን ለአዲስ አበባ የነደፉትን ቢሮ ለደባርቅም፣ ለአዲ አርቃይም፣ ለመተማም ያው አድርገው ሲልኩት የየአገሩን ፀሐይ አይጠይቁትም።

አሁን የኃይል ነገር ይነሣ። የዓባይ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የተተከለለት አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ስለዚህ «ኃይል አለን፤ ለምን እንቆጥባለን?» የሚል ይኖራል። እኛም በግድቡ ከማንም ያላነሰ ደስ ብሎናል። ጥያቄው ግን ኃይል አለ ወይስ የለም ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ ወዴት ይሂድ የሚል ነው። ያ አንድ መሣሪያ የሚበላው 2 ኪሎዋት እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚወስዱ 200 አምፖሎችን ያበራል፤ ማታ በኩራዝ ለሚያጠኑ ስንት ልጆች ይበቃል?

ከአምፖሉም የሚቀድም አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ወላድ እናት ደም ሲፈሳት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒትም በዚያው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይገባዋል፤ በሙቀት ከቆየ ኃይሉ ይደክማል፤ ይህንንም በዓይን ዐይቶ መለየት አይቻልም። አዋላጇ መድኃኒቱን ሰጥታ ደሙ አልቆም ሲል ምክንያቱ ከጥቂት ሳምንት በፊት የጠፋው መብራት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚታደል ከሆነ የመጀመሪያው ድርሻ የማን እንደሆነ ክርክር ያስፈልገዋልን? ለኃላፊው ወንበር የሚገዛ ማቀዝቀዣ ከመታዘዙ በፊት የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ መብራት ሲጠፋ በምን እንደሚቆይ ጠይቆ የተረጋገጠ አለን?

የጋዙም ጉዳይ አለ። ዓለም በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተስማማው የድሮዎቹ ጋዞች የኦዞንን ሽፋን ስለ ጎዱ ነው። በምትካቸው ከመጡት ብዙዎቹ ኦዞኑን ባይነኩም ምድርን ያሞቃሉ፤ አር 410ኤ የሚባለው በክብደት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ የማሞቅ ኃይል አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ የተደረሰው ስምምነት እነዚህንም ቀስ በቀስ ለመቀነስ ነው። በጥድፊያ የተገጠመ ቱቦ ጋዙን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ሽማግሌው በበረንዳው ላይ የተናገሩት ቃል እዚህም ይሠራል፤ የሚያወጣው እኛው ላይ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሌላውን ስንተች ቆይተናል። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ያ ቀዝቃዛ ክፍል የማን ነው? ዛሬ የማናውቀው ሰው ተቀምጦበታል፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ወንበሩ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን። ከመካከላችን ዲግሪውን ሲያስብ ከዲግሪው ጋር ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉንና ማቀዝቀዣውን አብሮ ያላሰበ ማን ነው? ከአራታችን አንዱ በዚያ ክፍል ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ገብቶ ሲወጣ «እንዲህ ያለ ቢሮ ነበር የሚያስፈልገኝ» ብሎ ነበር። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ የሁላችንም ሐሳብ ነበርና። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱን ያልቀመሰ ሹም በረንዳው ላይ ያለው ሰው ለምን እንደሚቸኩልበት አይገባውም። በሩን ይዘጋል፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ መዘጋት አለበትና። የተዘጋ በር ደግሞ ባለጉዳይን ያስፈራል። እንዲህ ሆኖ አንድ መኪና ሳናውቀው በሹምና በሕዝብ መካከል ግድግዳ ይሆናል።

ትችት ብቻ ጽፎ መተው የዘመኑ ተማሪ በሽታ ነው ይባላልና የሚሠራ ሐሳብ እናቅርብ።

አንደኛ፣ ጥላ ይቅደም። በየመሥሪያ ቤቱ በረንዳ ሰፋ ይበል፣ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚና የሚጠጣው ውሃ ይዘጋጅ። ዛፍም ይተከል፤ ዛፍ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ቤቱ ይታረም። ከቆርቆሮው በታች ሙቀት የሚከላከል ነገር ይግባ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ በሁለት ወገን አየር እንዲያገኝ ይከፈት፣ የምዕራቡ መስኮት ጥላ ይሠራለት። እዚህ ላይ የከተማይቱን ስም እናስታውሳለን፤ በሽመል ስም የተጠራች አገር ከቆርቆሮው ሥር የሚዘረጋ የሽመል ንጣፍ ሠርቶ መሞከር ያቅታታልን?

ሦስተኛ፣ ቅዝቃዜ በተራ ይታደል። መጀመሪያ መድኃኒቱና ክትባቱ፣ ቀጥሎ የቀዶ ሕክምናና የማዋለጃ ክፍሉ፣ ቀጥሎ ሕዝብ የሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ በመጨረሻም የግል ቢሮ።

አራተኛ፣ መሣሪያው የግድ ከሆነ በወጉ ይተከል። ዘንጉ የሚይዘው ነገር ይፈተሽ፣ የውሃው ቱቦ በውሃ ልክ ይለካ፣ ሥራው ከማለቁ በፊት ውሃ ፈስሶበት ይሞከር። የሚተፋው ሙቀትም ሰው በማይቀመጥበት ወገን ይሁን። ከዋጋውም ላይ ጥቂት ተነሥቶ ከዚያው ከተማ አንድ ወጣት ሙያውን እንዲማር ይላክ።

አምስተኛው ለእኛ ነው። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ቴርሞሜትር ይዘን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥና በረንዳው ላይ እንለካ፤ የለካነውንም በዚህ መጽሔት ላይ እናውጣ። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ንድፉን ቢያግዙን ደስታችን ነው፤ ሕዝቡን መጠየቅና መጻፍ ግን የእኛ የአርት ተማሪዎች ድርሻ ነው።

ጓደኛችን የአባቱን ወረቀት ገና አላገኘም። መዝገቡ ውሃ ከነካቸው መካከል ይሁን አይሁን እስኪጣራ ተመለስ ተብሏል። አባቱ በዚያው በረንዳ ላይ ይጠብቃሉ፤ ማቀዝቀዣው ስለ ቆመ አሁን ጥጉ ለመቀመጫ ይሆናል። መሣሪያው በሚጠገንበት ቀን እንደገና ተነሥተው ወደ ፀሐዩ መዛወራቸው ነው። ከዚያ ቀን በፊት ጥላ የሚሠራላቸው ሰው እንዲገኝ ይህን ጽፈናል።